የናይትሮጅን ስካር

የናይትሮጅን ስካር የተጨመቀ አየር የሚተነፍስ ጠላቂ በጥልቅ ውሃ ውስጥ የሚያጋጥመው የአእምሮ መደንዘዝ ነው። ምልክቶቹ የመጠጥ ስካርን ይመስላሉ፦ ያለ ምክንያት መደሰት፣ የማመዛዘን ችሎታ መቀነስ፣ የእጅ ቅልጥፍና ማጣት፣ በጣም ጥልቅ ሲሆንም ራስን መሳት። ብዙውን ጊዜ ከ30 ሜትር ጥልቀት ጀምሮ ይታወቃል፤ ጠላቂው ከፍ ሲል ወዲያው ይለቀዋል። ዋናው አደጋ የሰከረው ሰው የቀረውን አየርና የመውጫ ሰዓቱን መከታተል መርሳቱ ነው።

መንስኤ

በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊት በ1 አትሞስፌር ገደማ ይጨምራል። በ30 ሜትር ጠቅላላው ግፊት 4 አትሞስፌር ስለሚሆን፣ የናይትሮጅን ድርሻ ከ0.78 ወደ 3.1 አትሞስፌር ያድጋል። ግፊቱ ሲጨምር በደምና በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ የሚሟሟው ጋዝም በዚያው ልክ ይበዛል። ተጠያቂው ናይትሮጅን መሆኑን አሜሪካዊው የባሕር ኃይል ሐኪም አልበርት ቤንኬና ባልደረቦቹ በ1935 እ.ኤ.አ. አመለከቱ።

በነርቭ ሕዋስ ላይ የሚደርሰው ለውጥ

የነርቭ ሕዋስ ሽፋን ከስብ የተሠራ ሲሆን፣ መልእክት የሚያስተላልፉ ፕሮቲኖች ተሰክተውበታል። ሜየር በ1899፣ ኦቨርተን በ1901 እ.ኤ.አ. አንድ ማደንዘዣ በስብ ውስጥ በቀላሉ በሟሟ መጠን ኃይሉ እንደሚበረታ አሳዩ። ለረጅም ጊዜ ጋዙ ሽፋኑን በማሳበጥ እንደሚሠራ ይታመን ነበር። በ1984 እ.ኤ.አ. ግን ፍራንክስና ሊብ ማደንዘዣዎች ስብ በሌለበት ፕሮቲንን በቀጥታ እንደሚያውኩ አረጋገጡ። ዛሬ ትኩረቱ በሁለቱ ነርቮች መገናኛ ላይ ባሉ የመልእክት ተቀባይ ፕሮቲኖች ላይ ነው።

የግፊት ተቃራኒ ውጤት

ሂሊየም በስብ ውስጥ እምብዛም ስለማይሟሟ አያሰክርም፤ ስለዚህ ጥልቅ ጠላቂዎች በናይትሮጅን ፋንታ ይጠቀሙበታል። ሆኖም ከ150 ሜትር በታች ግፊቱ ራሱ ነርቮችን ከልክ በላይ ያነቃቃል፤ መንቀጥቀጥና ማቅለሽለሽም ይከተላሉ። በ1950 እ.ኤ.አ. በአልኮል የደነዘዙ የእንቁራሪት እጮች በከፍተኛ ግፊት ውስጥ እንደገና መዋኘት ጀመሩ። ይህን ተቃርኖ በመጠቀም መንቀጥቀጡን ለማብረድ ጥቂት ናይትሮጅን ወደ ሂሊየሙ ይጨመራል።

በኢትዮጵያ

የጣና ሐይቅ ከፍተኛ ጥልቀት 15 ሜትር አካባቢ በመሆኑ ለዚህ ስካር አያደርስም። እስከ 266 ሜትር የሚጠልቀው የሻላ ሐይቅ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ይኸው ሕግ በደጋም ይሠራል፤ አቅጣጫው ብቻ ይገለበጣል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በመሆኑም ግማሹ ናይትረስ ኦክሳይድ የሆነ ድብልቅ በባሕር ዳርቻ 0.5 አትሞስፌር ሲሰጥ፣ በአዲስ አበባ 0.38 ገደማ ብቻ ይሰጣል። መቶኛው ባይለወጥም የማደንዘዝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ነርቭን የሚያደነዝዘው የጋዙ ግፊት እንጂ መቶኛው አይደለምና።