ጠገራ ብርና የሰብሳቢው ደብተር

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን በአምባሰል የሚገኘው የግሸን አምባ ከአራቱም ማዕዘን በሚመጡ ምእመናን ይጥለቀለቃል። ተፈጥሮ በመስቀል ቅርጽ ያነጸችው ይህ አምባ ዙሪያው ገደል በመሆኑ መውጫው ጠባብ፣ አቀበቱም አድካሚ ነው። ጉዟችንን ገታ አድርገን ዐረፍ ባልንበት ጥግ አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት እናት በአንገታቸው ላይ ጠገራ ብር አስረው ነበር። አብሮን የነበረ ተማሪ ጠጋ ብሎ የተቀረጸውን አነበበና «1780! ይህ እኮ ከሁለት መቶ ዐርባ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ገንዘብ ነው» አለን። ወዲያውም ወደ እናቲቱ ዞሮ «እማማ፣ ይሸጡልኛል?» ሲል ጠየቃቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው «ልጄ፣ የእናቴ ነው፤ በሠርጓ ቀን የታሰረላት። ብሩንስ ትገዛው ይሆናል፤ እናቴን ግን ከየት ታገኛታለህ?» አሉት።

ተማሪው ስለ ብሩ ዕድሜ ተሳስቷል። እናቲቱ ግን ሰብሳቢዎች ከብዙ ልምድ በኋላ የሚደርሱበትን እውነት ነገሩት። ጥንታዊ ዕቃ ከነታሪኩ ካልሆነ ግማሽ ዕቃ ነው። በመሆኑም ጥንታዊ ዕቃ መሰብሰብን የትርፍ ጊዜ ተግባር ለማድረግ ለሚያስቡ ተማሪዎች ከየት እንደሚጀመር፣ ምን እንደሚጠና፣ ምንስ እንደማይነካ በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

የተጻፈው ዓመት ሁሉ የልደት ዓመት አይደለም

በጠገራው ላይ የምትታየው ሴት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ናት። ንግሥቲቱ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1780 ነው። ገንዘቧ ግን በምሥራቅ አፍሪካና በዐረብ ምድር ተወዳጅ ሆኖ ስለነበር ከሞተች በኋላም ያው 1780 እንደተቀረጸበት መመታቱን ቀጠለ። ከቪየና ሌላ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይ ጭምር ተመትቷል። እንግሊዞች ወደ መቅደላ በዘመቱ ጊዜ ለስንቅና ለአጋሰስ የሚከፍሉት ገንዘብ ስላስፈለጋቸው እ.ኤ.አ. በ1867 በሚሊዮን የሚቆጠር ጠገራ ቪየና ላይ አስመትተው ይዘው መጡ። እንግዲህ በወሎ ምድር የሚገኝ አንድ ጠገራ «1780» ብሎ ቢናገርም የተመታው ከዚያ በኋላ መቶ ወይም መቶ ኀምሳ ዓመት ቆይቶ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ስሕተት የሚመጣው ከዘመን አቆጣጠር ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በፓሪስ ያስመቱት ብር ዓመቱ የተጻፈበት በግእዝ ቁጥርና በእኛው አቆጣጠር ነው። በዚያ ብር ላይ 1889 የሚለውን ያነበበ ሰው እንደ አውሮፓውያን ዘመን ከቆጠረው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሳሳታል። ስለዚህ ጀማሪ ሰብሳቢ አስቀድሞ «ዓመቱን የጻፈው ማን ነው? በማን አቆጣጠር? ለምን?» ብሎ መጠየቅን ይልመድ።

ሚዛንና አንድ ብርጭቆ ውኃ

የጥንት ነጋዴዎቻችን ጠገራን የሚቀበሉት በንግሥቲቱ ትከሻ ጌጥ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጥቦች ቆጥረው ነበር። እኛ ደግሞ በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ባለ መሣሪያ ተጨማሪ ምርመራ ማድረግ እንችላለን። ያልተበላ ጠገራ ክብደቱ 28.07 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከመቶው 83.3 እጅ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። የንጹሕ ብር እፍግታ በአንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር 10.49 ግራም፣ የመዳብ ደግሞ 8.96 ግራም ስለሆነ፣ የቅይጡ እፍግታ 10.2 ገደማ ይሆናል።

ይህን ለመፈተን እስከ አንድ መቶኛ ግራም የሚለካ ሚዛን፣ ብርጭቆ ውኃና ቀጭን ክር ይበቃሉ። መጀመሪያ ብሩን ደረቅ እንዳለ እንመዝናለን። ከዚያ ብርጭቆውን ከነውኃው ሚዛኑ ላይ አስቀምጠን ንባቡን ወደ ዜሮ እንመልሳለን። ቀጥሎ ብሩን በክር አንጠልጥለን የብርጭቆውን ወለልና ግድግዳ ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ እናሰጥመዋለን። ውኃው ብሩን ወደ ላይ ሲገፋ ብሩም ውኃውን በእኩል ኃይል ወደ ታች ስለሚገፋ፣ ሚዛኑ የተፈናቀለውን ውኃ ክብደት ያሳያል። አንድ ግራም ውኃ አንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ያ ንባብ የብሩ ይዘት ነው። ለእውነተኛው ጠገራ 2.75 ገደማ ይሆናል። ከመዳብና ከኒኬል ተቀይጦ የተሠራ፣ ክብደቱ ግን እኩል የሆነ አስመሳይ 3.15 ገደማ ያሳያል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሲዘዋወር የኖረ ብር ስለሚበላ ክብደቱ ብቻውን አይፈርድበትም። ክብደቱን ለይዘቱ አካፍለን እፍግታውን ማየት ይሻላል። በሌላ በኩል የከባድና የቀላል ብረቶች ቅይጥ ተመሳሳይ እፍግታ ሊሰጥ ስለሚችል ፈተናውን ያለፈ ሁሉ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። ፈተናው ሐሰቱን ለመጣል እንጂ እውነቱን ለማጽደቅ አይበቃም።

ማጽዳት ማበላሸት የሚሆንበት ጊዜ

ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቸኩሉት ያገኙትን ዕቃ ለማንጸባረቅ ነው። በብር ላይ የሚታየው ጥቁር ልባስ በአየር ውስጥ ካለው የሰልፈር ውሑድ ጋር ብሩ ሲዋሐድ የሚፈጠር የብር ሰልፋይድ ነው። ብሩን በአመድ፣ በአሸዋ ወይም በሎሚ ብንፈትገው ጥቁሩን ብቻ ሳይሆን ብሩንም ጭምር እንልጣለን። የፊደሉ ጠርዝ ይደፈናል፤ ዕቃው በማን እጅ እንዴት እንደኖረ የሚመሰክረው የእርጅና ምልክትም አብሮ ይጠፋል። እንደ ቀድሞው ልንመልሰው ከቶ አንችልም።

የተሻለው መንገድ ቀላል ነው። ላባችን ጨው ስላለበት ሳንቲምን ሁልጊዜ በጠርዙ እንያዝ። ከውኃ ፈተና በኋላም በለስላሳ ጨርቅ ሳናሽ ጠቅ ጠቅ አድርገን እናድርቀው። ከፒ ቪ ሲ በተሠራ ላስቲክ ውስጥ አናኑረው፤ እየቆየ ብረቱን የሚጎዳ ኬሚካል ያወጣልና። የጎማ ማሰሪያም ሰልፈር ስላለው ብርን ያጠቁራል። ንጹሕ የወረቀት ፖስታና ደረቅ ቦታ ይበቃል። ከአፋር ተቆርጦ በገበያዎቻችን እንደ ገንዘብ ሲሠራበት የኖረው አሞሌ ጨው ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከመቶ 75 ገደማ ሲያልፍ ጨው እርጥበቱን ስቦ መሟሟት ይጀምራል። ስለዚህ አሞሌ ያለው ሰው ከክረምት እርጥበት ሊጠብቀው ይገባል።

ከምን እንጀምር?

ከቤታችን እንጀምር። ስብስብ ለመጀመር ሀብት አያስፈልግም። በሳጥን ውስጥ የተረሱ ሳንቲሞች፣ በመስከረም 2013 ዓ.ም. በአዲስ የተተኩት የብር ኖቶች፣ ከአሮጌ ደብዳቤ ጋር የቀሩ ቴምብሮች መልካም መነሻ ናቸው። 1936 ዓ.ም. የተጻፈባቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች ከ1969 ዓ.ም. ሳንቲሞች ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሁለት ሥርዓት ታሪክ ይነበባል። ከእነዚህ መካከል የ25 ሳንቲሙ ነገር አስተማሪ ነው። መጀመሪያ የወጣው ክብ የመዳብ 25 ሳንቲም በመጠኑ ከብር ከተሠራው 50 ሳንቲም ጋር ይቀራረብ ስለነበር፣ አታላዮች ብር እየቀቡ በእጥፍ ዋጋ ያሳልፉት ጀመር። በኋላም በ1940ዎቹ ጠርዙ እንደ አበባ የተከረከመ 25 ሳንቲም ወጣ። የተከረከመው ጠርዝ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ለማጭበርበር የተሰጠ መልስ ነው።

ለእያንዳንዱ ዕቃ በደብተር አንድ ገጽ ይሰጠው። ከማን፣ መቼ፣ የት እንደተገኘ፣ የሰጠው ሰው ምን እንደተናገረ፣ ክብደቱ፣ ስፋቱ፣ ይዘቱና ጉዳቱ ይመዝገብ። ደብተሩ ከጠፋ ስብስቡ የብረት ክምር ይሆናል።

የማንሰበስበው

በትውፊት የክርስቶስ መስቀል ክፋይ ወደ ግሸን እንዴት እንደመጣ የሚተርከው መጽሐፈ ጤፉት መታወቂያው ከግሸን ጋር የተሳሰረ ነው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ከቦታው ቢነቀል ሁለቱም ይጎዳሉ። ይህ ባዶ ሥጋት አይደለም። በዚያው በወሎ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ንብረት ደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ አቅርቦታል። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ለንደን ተወስደዋል። የአፄ ቴዎድሮስ የፀጉር ቁራጭ እንኳን ወደ አገሩ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነበር።

ስለዚህ የብራና መጽሐፍ፣ ንዋየ ቅድሳት ወይም ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ የአክሱም ሳንቲም በርካሽ ቢቀርብልን እጃችንን እንሰብስብ። ገዢ ሲገኝ ቆፋሪና ሌባ ይበረታሉ። ተቆፍሮ የወጣ ሳንቲም ከነበረበት የአፈር ንብርብር ሲለይ የዘመን ምስክርነቱ ይጠፋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቆፈርንና ቅርስን ከአገር ማስወጣትን የከለከለ ሲሆን፣ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም እንዲያሳውቅ አዝዟል። አሁን ጉዳዩ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ነው። እነዚህን ቅርሶች ለማየት የሚሻ ተማሪ በአዲስ አበባ የብሔራዊ ሙዚየምና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አሉለት።

ወደ ግሸኑ አቀበት እንመለስ። ተማሪው ከእናቲቱ ጋር ጥቂት ተጫወተ። ሲፈቅዱለትም ማስመሪያውን አውጥቶ ብሩን እዚያው አንገታቸው ላይ እንዳለ ለካው፤ አራት ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር። ከዚያም ደብተሩን ገልጦ «ተራ ቁጥር 1፤ ጠገራ ብር፤ በሠርግ ቀን ለሙሽራ የታሰረ፤ ከእናት ለልጅ የተላለፈ፤ ያለበት ቦታ፦ ባለቤቷ ዘንድ» ብሎ ጻፈ። የስብስቡ የመጀመሪያ ዕቃ የእሱ ያልሆነ ነበር። አንባብያንም እንዲሁ እንዲጀምሩ እንመክራለን፤ አያቶቻችን ዕቃው የት እንደነበር የሚያስታውሱት ዛሬ ነውና።