ከዓሣው በፊት ተክሉ፦ የዕፅዋት አኳሪየም ለጀማሪ

አኳሪየም ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ዓሣው ነው። እዚህ የምናወራው ግን በመስታወት ገንዳ ውስጥ አሸዋ፣ ድንጋይና እንጨት አስውቦ ደርድሮ የውሃ ውስጥ ተክል ስለማሳደግ ነው። ዓሣው መጨረሻ ላይ ይገባል። ይህን ጥበብ በዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች ቀዳሚው ጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ታካሺ አማኖ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ከማረፉ በፊት በፖርቱጋል ሊዝበን የሠራው አኳሪየም 40 ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን 160 ሺህ ሊትር ውሃ ይይዛል። ለእርስዎ 60 ሊትር ይበቃል፤ አሠራሩ ያው ነው።

ለምን ተክሉ ይቅደም? ዓሣ ኩሱን የሚጥለው እዚያው በሚኖርበት ውሃ ውስጥ ነው። ከኩሱና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ በጥቂቱም ቢሆን ዓሣን የሚመርዝ ኬሚካል ነው። በማጣሪያው ስፖንጅና በአሸዋው ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይት እንደ አሞኒያው መርዝ ነው። ናይትሬት ግን ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ለተክልም ማዳበሪያ ይሆናል። ባክቴሪያዎቹ በቂ ሆነው እስኪራቡ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ገንዳና ዓሣ በአንድ ቀን የተገዛበት ቤት ዓሣው በሳምንቱ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። ተክል ደግሞ አሞኒያውን ራሱ ይመገባል። ቀድሞ ሥር ከሰደደ ዓሣው የሚገባው በተዘጋጀ ውሃ ውስጥ ይሆናል።

ገንዳው ምን ያህል ይሁን? ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 36 ሳንቲሜትር የሆነ ገንዳ 65 ሊትር ገደማ ይይዛል። ትንሽ ገንዳ ይቀላል ብለው አያስቡ፤ ውሃው ባነሰ ቁጥር ሙቀቱም ንጽሕናውም ቶሎ ይለዋወጣል። ውሃ፣ አሸዋ፣ ድንጋይና መስታወት ተደምረው 90 ኪሎ ሊደርሱ ስለሚችሉ ጠረጴዛው ጠንካራና ያልተዛባ መሆን አለበት። ፀሐይ የሚመታው መስኮት አጠገብም አያስቀምጡት።

የተዘጋጀ ገንዳ ከተወደደብዎ መስታወት ቆራጭ ዘንድ ማሠራት ይቻላል። ለዚህ ልክ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ይበቃል። ማጣበቂያው ሲሊኮን ሻጋታ መከላከያ ያልተቀላቀለበት መሆኑን አደራ ያረጋግጡ፤ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ የተቀላቀለበት ነው፣ ዓሣ ይገድላል። ከተጣበቀ በኋላ አንድ ሳምንት ያድርቁት። ከዚያ ውሃ ሞልተው ቢያንስ አንድ ቀን ውጭ ያሳድሩት። የሚያፈስ ከሆነ እዚያው ይታወቃል።

ቀጥሎ አሸዋው። የወንዝ አሸዋ ውሃው እስኪጠራ ደጋግመው ይጠቡ። ከፊት 3፣ ከኋላ 8 ሳንቲሜትር ያህል አድርገው ተዳፋት ይሥሩበት፤ ተዳፋቱ ገንዳውን ጥልቀት ያለው ያስመስለዋል። አሸዋ ለተክል ምግብ የለውም። ስለዚህ በአሸዋው ውስጥ ሥር የሚሰዱት ተክሎች አጠገብ የማዳበሪያ እንክብል ይቀበራል። አኳሶይል የሚባል፣ ከተጋገረ አፈር የተሠራና ምግብ ያለው ጠጠርም አለ። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ውድ ነው፣ ምግቡም ከጊዜ በኋላ ያልቃል። ለመጀመሪያው ገንዳ አሸዋን እመርጣለሁ።

ንድፉ በደረቁ ይሠራል፤ ውሃ ገና አይገባም። ድንጋዮቹ አንድ ዓይነት፣ ቁጥራቸውም 3 ወይም 5 ቢሆን ያምራል። ትልቁን መሃል ላይ አይገትሩት፤ ከርዝመቱ አንድ ሦስተኛ ላይ በትንሹ አዘንብለው ይትከሉት። ትንንሾቹ በዙሪያው ይጠጉ። ድንጋዩን ከማስገባትዎ በፊት ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበት፤ ከፈላ ኖራ አለበት ማለት ነው፣ ውሃውን ያከብደዋል፣ ይተውት። እንጨት ከሆነ ቀቅለው ወይም ለሳምንታት ዘፍዝፈው ያስገቡ። ውሃውን ሻይ መልክ ቢያሲዘው ጉዳት የለውም። የደረደሩትን በስልክ ፎቶ አንሥተው ይዩት፤ ፎቶው ዓይን የለመደውን ስሕተት ያወጣል። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። አንድ ቀን ሙሉ ሲያነሡ ሲጥሉ ቢውሉ አይቆጭዎትም፤ ተክሉ ከበቀለ በኋላ ድንጋይ ማንቀሳቀስ ሥሩን ሁሉ መንቀል ነው።

የትኛውን ተክል ልግዛ? ብዙ ብርሃን የማይጠይቁትን፦ አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን፣ ክሪፕቶኮሪን፣ ቫሊስኔሪያ። ረዣዥሙ ቫሊስኔሪያ ከኋላ፣ ክሪፕቶኮሪን ከመሃል ይሁን። አኑቢያስንና ጃቫ ፈርንን ግን አሸዋ ውስጥ አይትከሏቸው። አኑቢያስን በእጅዎ ይዘው ቢያዩት ቅጠሎቹ የሚወጡት በአግድም ከተጋደመ ወፍራም አረንጓዴ ግንድ ላይ ነው። ይህ ግንድ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ስለዚህ ግንዱን ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ አስደግፈው በጥጥ መስፊያ ክር ሁለት ሦስት ዙር ጠበቅ አድርገው ያስሩት፤ ሥሮቹ ወደ ታች ይንጠልጠሉ። ከሳምንታት በኋላ ሥሩ ድንጋዩን ይጨብጣል፤ ክሩም ከጊዜ ብዛት ተበጣጥሶ ይጠፋል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ፣ ሳስቶ ቢረግፍ አይደንግጡ። ብዙዎቹ ተክሎች በችግኝ ጣቢያ የሚያድጉት ከውሃ ውጭ ነው። የድሮው ቅጠል ይሞታል፣ ለውሃ የሚስማማው አዲስ ቅጠል ይወጣል። ክሪፕቶኮሪን በተለይ ሙሉ ለሙሉ ጠፍቶ ከሥሩ እንደገና ሊያቆጠቁጥ ይችላል። የረገፈውን ይልቀሙ፤ ሥሩን አይንቀሉ።

ውሃውን ሲሞሉ አሸዋው እንዳይቦረቦር ሳሕን አስቀምጠው በላዩ ያፍስሱ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይኖረዋል፤ ክሎሪን ደግሞ ባክቴሪያውንም ዓሣውንም ይጎዳል። ክሎሪን ብቻ ከሆነ በክፍት ባልዲ አንድ ቀን ሲያድር ይለቃል። እንደ ዋሽንግተን ዲሲ ባሉ ከተሞች ግን ውሃው የሚታከመው በአብዛኛው በክሎራሚን ነው፤ እሱ በማሳደር አይለቅም። እዚያ ከሆኑ ክሎሪን ማስወገጃ ጠብታ ይግዙ።

መብራት በመጀመሪያው ወር በቀን 6 ሰዓት፣ ከዚያ 8 ሰዓት ይበቃል። ተራ ነጭ የኤልኢዲ መብራት ለእነዚህ ተክሎች ይሆናል። ተክሉ ከሚጠቀመው በላይ ብርሃንና ምግብ ሲኖር ትርፉን የሚበላው አልጌ ነው፤ አልጌ ማለት መስታወቱንና ቅጠሉን የሚያለብሰው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነገር ነው። ከበዛ መድኃኒት አይፈልጉ፤ መብራቱን በሁለት ሰዓት ይቀንሱ፣ መስታወቱን ይፈግፍጉ፣ ውሃውን ይቀይሩ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሲሊንደር ስለመጨመርም ይሰሙ ይሆናል። ተክሉን በእርግጥ ያፋጥነዋል፤ ሲሊንደሩ፣ መቆጣጠሪያውና ተደጋጋሚ መሙያው ግን ትልቅ ወጪ ነው። ከላይ ለጠቀስኳቸው ተክሎች አያስፈልግም።

የመብራት ወጪውስ? እናስላው። 15 ዋት መብራት ለ8 ሰዓት 120 ዋት ሰዓት ይወስዳል። 5 ዋት ማጣሪያ ቀንና ሌሊት ሲሠራ እሱም 120። 50 ዋት ማሞቂያ የቀኑን ግማሽ ቢሠራ 600 ይሆናል። በወር 25 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ መጣ ማለት ነው፤ ኪሎዋት ሰዓት ቆጣሪው የሚቆጥርበት መለኪያ ነው። ያለ ማሞቂያው 7 ብቻ ነበር። ስለዚህ ማሞቂያ ማስፈለጉን ቀድመው ያጣሩ። ብዙዎቹ የሞቃት አገር ዓሦች ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ይፈልጋሉ። በአዲስ አበባ የክረምት ሌሊት ማሞቂያ የግድ ነው፤ በድሬዳዋ ላያስፈልግ ይችላል።

መብራት ሲጠፋ ዓሣውን አይመግቡ፤ ገንዳውን በብርድ ልብስ ይሸፍኑ። ጥቂት ዓሣ ብቻ ካለ ለጥቂት ሰዓታት ችግር አይገጥመውም። ማጣሪያው ለረጅም ሰዓት ቆሞ ከነበረ ከማስነሣትዎ በፊት ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ያለቅልቁት። በቧንቧ ውሃ ከታጠበ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድለዋል።

ዓሣ መቼ ይግባ? ተክሉ አዲስ ቅጠል ካወጣና 6 ሳምንት ከሞላው በኋላ። እስከዚያው በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል ያድርጉ፤ ሲበሰብስ የሚወጣው አሞኒያ ባክቴሪያውን ይቀልበዋል። የአሞኒያና የናይትራይት መመርመሪያ ካገኙ ሁለቱም ዜሮ መሆናቸውን ይዩ። መጀመሪያ ሦስት አራት ጋፒ ይበቃል፤ ሁሉንም ወንድ ቢያደርጉ አይራቡብዎትም። ጎልድፊሽ ግን ይቅርብዎ፦ ለዚህ ገንዳ ይተልቃል፣ ተክሉንም ይበላል። ምግቡ በአንድ ሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ያህል ይሁን።

ከዚያ በኋላ ሥራው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ሩብ ያህሉን ውሃ ቀድተው ሙቀቱ በተመሳሰለ ውሃ ይተኩ። የቀዱት ውሃ ናይትሬት ስላለው ለጓሮ አትክልት ወይም ለአበባ ማሰሮ ጥሩ ነው። የተረፈዎትን ተክል ግን ወደ ወንዝ፣ ሐይቅ ወይም ቦይ አይጣሉ። ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ የትውልድ ቦታው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በዓለም የተሰራጨውም ሰዎች አበባውን ለጌጥ ብለው ከአገር አገር ሲወስዱት ነው። የቆረጡትን ቅጠል ፀሐይ ላይ በደንብ ያድርቁትና አፈር ውስጥ ይቅበሩት።