ያላየውን የሳለው ሰው

ስልካችሁ ላይ የሩቅ አገር ሰዎች ሲሰግዱ ወይም መሥዋዕት ሲያቀርቡ የሚያሳይ ፎቶ ስንት ጊዜ አይታችኋል? ከሥሩ ደግሞ «እነዚህ ምን እንደሚያመልኩ ተመልከቱ!» የሚል ጽሑፍ አለ። የት ተነሳ፣ ማን አነሳው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሼር ይደረጋል፣ ስድቡ ይወርዳል፣ በማግስቱ ይረሳል። ይሄ የስልክ ዘመን ያመጣው ጣጣ ይመስለናል። ግን ከ300 ዓመት በፊትም ያው ነበር፤ ልዩነቱ ያኔ ሥዕሉ በመዳብ ሰሌዳ ላይ እየተቀረጸ በወረቀት መታተሙ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ይህንን ልማድ ለመስበር ስለተነሳ፣ ግማሽ መንገድ ድረስም ስለተሳካለት አንድ መጽሐፍ ነው።

መጽሐፉ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው። ርዕሱ ወደ እኛ ሲመለስ «የዓለም ሕዝቦች ሁሉ ሃይማኖታዊ ሥርዓትና ልማድ» እንደማለት ነው። የመጀመሪያው ጥራዝ በ1723 አምስተርዳም ውስጥ ታተመ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። እስከ 1737 ድረስ ሰባት ጥራዝ ደረሰ፤ ከ3,000 ገጽ በላይ ጽሑፍ፣ 250 ገደማ ባለሥዕል ገጾች። አንዱን ጥራዝ ታቅፎ ማንበብ አይሞከርም፣ ጠረጴዛ ይፈልጋል።

ያዘጋጁት ሁለት ፈረንሳውያን ስደተኞች ናቸው። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1685 ፕሮቴስታንቶች በአገሩ እንዲያመልኩ ይፈቅድ የነበረውን አዋጅ ሲሽር ብዙ ሺህ ሰው አገሩን ጥሎ ወጣ። አሳታሚውና ጸሐፊው ዣን ፍሬደሪክ በርናር የዚያ ስደት ልጅ ነው። ሥዕሎቹን የሠራው በርናር ፒካር ግን ፓሪስ ውስጥ ስሙ የታወቀ ቀራጭ፣ የቀራጭ ልጅ ነበር፤ እሱም ፕሮቴስታንት ሆኖ ወደ ሆላንድ የተሻገረው በ1710 አካባቢ ነው። በሃይማኖቱ ምክንያት ከቤቱ የተባረረ ሰው የሌላውን ሃይማኖት ሲያይ ዓይኑ ትንሽ የሚለይ ይመስለኛል። በርናር ስሙን በጸሐፊነት መጽሐፉ ላይ አላወጣም። ያደረገው ነገር ግን ድፍረት ነበር፤ ካቶሊኩን፣ አይሁዱን፣ ሙስሊሙን፣ ሕንዱን፣ ቻይናውን፣ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች፣ የራሱን ፕሮቴስታንቶች ሳይቀር በአንድ መደርደሪያ ላይ አስቀመጣቸው። ሮም ይህ አልተዋጠላትም፤ በ1738 መጽሐፉን ከተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ አስገባችው።

አሁን ወደ ሥዕሎቹ። ከሁሉም እኔን የሚይዘኝ የአምስተርዳም ፖርቱጋላውያን አይሁዶች የፋሲካ ማዕድ ነው። ፒካር ይህን ለመሳል መርከብ አላስፈለገውም፤ ሰዎቹ ጎረቤቶቹ ነበሩ። በ1675 የተመረቀው ትልቁ ምኩራባቸው እዚያው ከተማ ውስጥ ነው፣ ዛሬም ቆሟል። በሥዕሉ ላይ ቤተሰቡ ጠረጴዛ ከቧል፣ ቂጣው ቀርቧል። ልብሳቸው የማንኛውም የአምስተርዳም ባለጸጋ ልብስ ነው። በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ አይሁዳዊ ብዙ ጊዜ የሚሳለው እንደ ጭራቅ ወይም እንደ መሳለቂያ መሆኑን ስታስቡ፣ እዚህ እራት የሚበላ ቤተሰብ ሆኖ መቀመጡ ቀላል ነገር አይደለም። ሌላም ሥዕል አለ፤ ከበዓሉ በፊት እርሾ ከቤት ሲፈለግ የሚያሳይ። የዳስ በዓሉም አለ። ሠርጉንማ ሁለት አድርጎ ነው የሳለው፣ የፖርቱጋል አይሁዶችን ለብቻ፣ የጀርመን አይሁዶችን ለብቻ። «አይሁድ ሁሉ አንድ ነው» ብሎ አላለፈም። ቀርቦ ያየ ሰው እንዲህ ይለያል።

ችግሩ ገጹን ወደ ሩቅ አገር ስትገልጡ ይመጣል። ፒካር አሜሪካንም ሕንድንም ቻይናንም አላየም። ስለዚህ ከቆዩ መጻሕፍት ቀዳ። ለምሳሌ የፍሎሪዳ ሰዎች የአጋዘን ቆዳ ከእንጨት ላይ ሰቅለው ለፀሐይ ሲያቀርቡ የሚታዩበት ሥዕል ምንጩ ቴዎዶር ደ ብሪ በ1591 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ደ ብሪ ራሱ አትላንቲክን ተሻግሮ አያውቅም! የቻይናውም ያው ነው፤ አንዱ ምንጭ ሮም ተቀምጦ በ1667 ስለ ቻይና ያሳተመው አባ አታናሲዩስ ኪርኸር ነው። የቀዳው ከቀዳው ቀዳ። እኛ ዛሬ «ፎርዋርድ የተደረገ» የምንለው ማለት ነው፣ ያውም 130 ዓመት የቆየ ፎርዋርድ።

ፒካርን ለመውቀስ አልቸኩልም። ሰው ሁሉ ሁሉም ቦታ ሊደርስ አይችልም። ግን ሳይደርሱም የተሻለ መሥራት ይቻል ነበር፤ ማስረጃው ደግሞ ከእኛው ጋር የተያያዘ ነው። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ኢትዮጵያን አንድም ቀን አልረገጠም። በ1649 ሮም ውስጥ ግን የመካነ ሥላሴውን አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። በ1652 ደግሞ አባን ወደ ጎታ፣ ወደ መስፍኑ ግቢ አስጠራቸው። ቋንቋውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት፣ የአገሩን ልማድ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም መለሱ። በ1681 ያሳተመው ባለሥዕል «የኢትዮጵያ ታሪክ» ያ ሁሉ ጥያቄና መልስ አለበት። አባ ጎርጎርዮስ መጽሐፉን ሳያዩ በ1658 ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ መርከብ ሰጥሞባቸው አረፉ።

የበርናር መጽሐፍም ይህን መንገድ የሞከረበት ቦታ አለ። ፒካር በ1733 ከሞተ በኋላ በ1737 የወጣው የእስልምና ጥራዝ በሆላንዳዊው ምሁር አድሪያን ሬላንድ ሥራ ላይ ይደገፋል። ሬላንድም ወደ ምሥራቅ አልሄደም። ነገር ግን ስለ ሙስሊሞች ክርስቲያኖች የጻፉትን ከመድገም ይልቅ ሙስሊሞች ራሳቸው በዓረብኛ የጻፉትን አነበበ።

ዛሬ የእነዚህ መጻሕፍት ዕጣ ትንሽ ያሳዝናል። አንዳንድ ነጋዴዎች የቆየ ባለሥዕል መጽሐፍ ሲያገኙ ጥራዙን ፈትተው ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ይሸጣሉ፣ ምክንያቱም ተበጣጥሶ የበለጠ ያወጣል። ሥዕሉ በመስታወት ተገጥሞ ሳሎን ይሰቀላል። የበርናር ጽሑፍ፣ ያ ሁሉ ንጽጽር፣ የለም። እንደገና ጽሑፍ አልባ ፎቶ ሆነ ማለት ነው።

ደግነቱ ማየት ለሚፈልግ ገንዘብ አያስፈልግም። የአምስተርዳሙ ሪክስሙዚየም የፒካርን ሥራዎች ድረ ገጹ ላይ በነፃ ለቋቸዋል፤ ስልክ ይበቃል። የፋሲካውን ማዕድና የፍሎሪዳውን አጋዘን ፈልጋችሁ አንዱን ካንዱ አጠገብ ክፈቱ፣ በጣታችሁም አጉሉት። ማዕዱ ላይ ያሉት የከተማው ሰዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱን መንገድ ላይ ብታገኙት የምትለዩት ይመስላችኋል። የፍሎሪዳዎቹ ሰውነት ግን የግሪክ ሐውልት ነው።