የአሶሳው ዘይት መጭመቂያና የቀረጥ መጽሐፉ

የትንሽ ዘይት መጭመቂያ ሆዱ አንድ ጠመዝማዛ የብረት ዘንግ ነው። ኑጉ ወይም ሰሊጡ ተበጥሮና ጥቂት ሞቅ ብሎ በላይኛው አፍ ይገባል። ዘንጉ እየዞረ፣ እየጠበበ ወደሚሄደው በርሜል ይገፋዋል። ዘይቱ በብረት ርብራቦቹ መካከል እየተንጠባጠበ ይወርዳል፤ ፋጉሎው በሌላው ጫፍ እንደ ቅርፊት እየተሰባበረ ይወጣል። ከዚያ ዘይቱ በሸራ ይጣራል፣ ይሰክናል፣ በጄሪካን ወይም በጠርሙስ ይሞላል። ከ100 ኪሎ ኑግ እንደ ዘሩ ጥራትና እንደ ማሽኑ ጉልበት ከ25 እስከ 35 ሊትር ያህል ዘይት ይገኛል። የተረፈው ፋጉሎ ለከብት መኖ ይሸጣል፤ በብዙ መጭመቂያ ቤቶች የወሩን ሒሳብ ከኪሳራ የሚያወጣው ይኸው ፋጉሎ ነው።

ይህን ማሽን ለመትከል እንደ አሶሳ የሚመች ከተማ ማግኘት ቀላል አይመስልም። ከተማዋ ያለችበት ቤንሻንጉል ጉሙዝ የቅባት እህል አገር ነው። በአሶሳ፣ በካማሺና በመተከል ዞኖች ሰሊጥ፣ ኑግ፣ ለውዝና አኩሪ አተር ይመረታሉ። የፓዌ የግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ በአገር ደረጃ በአኩሪ አተር ምርምር ይታወቃል። ጥሬ ዕቃው ደጅ ላይ ነው፣ ገበያውም እዚያው ነው። ታዲያ የከተማው ሰው ወጥ የሚሠራበት ዘይት ለምን በአብዛኛው ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ የመጣ የፓልም ዘይት ሆነ? ከመልሱ ትልቁ ክፍል የሚገኘው የመጭመቂያው ባለቤት ገልጦት በማያውቀው መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ በጉምሩክ ታሪፍ መጽሐፍ።

መጽሐፉ ዓለም አቀፉን የዕቃዎች አመዳደብ ይከተላል፤ ወደ አገር የሚገባ ነገር ሁሉ በቁጥር ይጠራል። ሰሊጥ 1207.40 ነው። የሰሊጥ ዘይት 1515.50 ነው። የፓልም ዘይት በ15.11 ሥር ለሁለት ይከፈላል፤ ድፍድፉ 1511.10፣ የተጣራው 1511.90። ዘይት የሚያወጣው ማሽን 8479.20 ላይ ይገኛል። የማሽኑ ኩሽኔታ ግን ለብቻው ሲመጣ 84.82፣ ቺንጋው 40.10፣ ዘይቱ የሚሞላበት የፕላስቲክ ጠርሙስ 3923.30፣ ክዳኑ 3923.50 ይሆናል። አንድ ሊትር ዘይት ለማምረት የሚያስፈልጉት ነገሮች በመጽሐፉ አራትና አምስት ምዕራፎች ተበትነዋል፤ እያንዳንዱ ምዕራፍ የየራሱ መጣኔ አለው። የትንሹ አምራች ዕድል የሚወሰነው በእነዚህ መጣኔዎች መካከል ባለው ልዩነት ነው።

የቀረጡ ስሌትም ተደራራቢ ነው። 100,000 ብር ዋጋ ያለው ዕቃ ጅቡቲን አልፎ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደረሰ እንበል፤ ቀረጡም 20 በመቶ ይሁን። ቀረጡ 20,000 ብር ነው። 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ቀረጡ በተደመረበት ዋጋ ላይ ስለሚታሰብ 18,000 ይሆናል። ከ1999 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራበት 10 በመቶ ሱር ታክስ ደግሞ በዚያ ሁሉ ድምር ላይ ሲሰላ 13,800 ይመጣል። 3 በመቶው ቅድመ ግብር 3,000 ነው። ቀረጡ 20 በመቶ ነው የተባለው ዕቃ ከጉምሩክ የሚወጣው ቢያንስ 54,800 ብር ተጨምሮበት ነው። ትልቁ ኩባንያ ከዚህ ውስጥ የተጨማሪ እሴት ታክሱን ያወራርዳል፣ ቅድመ ግብሩንም ከዓመቱ ግብር ላይ ያስቀንሳል። ለተጨማሪ እሴት ታክስ ያልተመዘገበው ትንሽ አምራች ግን ኩሽኔታውንና ጠርሙሱን የሚገዛው ከመርካቶ ወይም ከአሶሳ ነጋዴ ነው። ሁሉም ታክስ ዋጋው ውስጥ ተቀብሮ ይደርሰዋል፤ የሚያወራርድበትም መንገድ የለውም። ጉምሩክን በዓይኑ ሳያይ የጉምሩክ ከፋይ ነው።

ማሽኑ ራሱ ሙሉ ሆኖ ሲገባ ነገሩ ይለያል። በ2005 ዓ.ም የወጣው የኢንቨስትመንት ማበረታቻ ደንብ አምራቾች ካፒታል ዕቃን ከቀረጥ ነፃ እንዲያስገቡ ፈቅዶ ነበር፤ መለዋወጫም ከማሽኖቹ ጠቅላላ ዋጋ እስከ 15 በመቶ ድረስ። ያው ደንብ ቤንሻንጉል ጉሙዝን ከጋምቤላ፣ ከሶማሌና ከአፋር ጋር ጠቅሶ፣ በዚያ ለሚቋቋም አዲስ ድርጅት የገቢ ግብር እፎይታው ካበቃ በኋላ ለተጨማሪ ሦስት ዓመት የ30 በመቶ ቅናሽ ሰጥቶ ነበር። የኢትዮጵያ ልማት ባንክም ተበዳሪው 20 በመቶ ካዋጣ ቀሪውን 80 በመቶ ሸፍኖ ማሽን በሊዝ ያቀርባል። እነዚህ ጥሩ በሮች ናቸው። ግን የመጭመቂያ ዘንግ ያልቃል። ኑግና ሰሊጥ ከአሸዋ ጋር ሲገቡ ብረቱን ይበሉታል፤ ዘንጉ በብየዳ ይሞላል፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይስተካከላል፣ በመጨረሻ መቀየሩ አይቀርም። የጥቅሙ ጊዜ አልፎ መለዋወጫ ሲፈለግ ነፃነቱ የለም። ማበረታቻው የተነደፈው ፋብሪካ ለሚተክል ሰው ነው፤ ተክሎ ለሚኖረው ሰው ብዙም አልታሰበለትም።

ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። ቀረጥ አምራችን ይጠብቃል ወይስ ይጎዳል የሚለው ጥያቄ በአንድ መጣኔ አይመለስም። ለምሳሌ ያህል ቁጥር እናስቀምጥ። ከውጭ የመጣ ዘይት ሊትሩ 100 ብር ያወጣል፤ የአገር ውስጡ አምራች ለዘርና ለጠርሙስ 80 ብር ያወጣል። የጉልበቱ፣ የመብራቱና የትርፉ ድርሻ 20 ብር ናት። ባስመጪው ዘይት ላይ 30 በመቶ ቀረጥ ቢጣል አምራቹ እስከ 130 መሸጥ ይችላል፤ ወጪው ባለበት ከቆየ ድርሻው 50 ይሆናል። ቀረጡ ከዘይቱ ላይ ተነሥቶ በጠርሙሱና በመለዋወጫው ላይ ቢቀር፣ ወጪውም 88 ቢደርስ፣ ድርሻው 12 ብር ብቻ ነው። ሕጉ ማንንም ለመቅጣት አልወጣም፤ ውጤቱ ግን በገዛ አገሩ የሚያመርተውን ሰው ከውጭ አምራች በታች ያስቀምጠዋል።

በእኛም አገር የሆነው ከዚህ ብዙም አይርቅም። በ2003 ዓ.ም የዋጋ ግሽበቱ ሲከፋ መንግሥት በዘይት ላይ የዋጋ ጣሪያ አደረገ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የፓልም ዘይት ከቀረጥ ነፃ እየገባ በሸማቾች ማኅበራት በኩል ይከፋፈል ጀመር። ሕዝቡ «የሚረጋ ዘይት» ያለው ይህንን ነው። በ2013 ዓ.ም መጨረሻ ደግሞ በስንዴ፣ በዘይት፣ በስኳርና በሩዝ ላይ የነበረው ቀረጥና ታክስ ተነሣ፤ በ2014 ዓ.ም የምግብ ሸቀጦች በፍራንኮ ቫሉታ፣ ማለትም ከባንክ ምንዛሪ ሳይወሰድ፣ እንዲገቡ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት ኢንዶኔዥያ የፓልም ዘይት ወደ ውጭ መላክን ለሳምንታት አግዳ ስለነበር የዓለም ዋጋ ጣሪያ ነክቶ ነበር። ውሳኔዎቹን ለመኮነን አልደፍርም። ዘይት የሌለው ቤት የነገን ኢንዱስትሪ ሊያስብ አይችልም። የምሟገተው ስለ ቀረው ነገር ነው፤ የዘይቱ ቀረጥ በተነሣበት ቀን የጠርሙሱ፣ የክዳኑና የኩሽኔታው ቀረጥ አብሮ ሊነሣ ይችል ነበር። ዘይት በቫይታሚን ኤና ዲ እንዲበለጽግ በ2014 ዓ.ም አስገዳጅ ደረጃ ሲወጣም ጥያቄው ተመልሶ መጣ፤ የቫይታሚኑ ቅመም ከውጭ የሚመጣ ነውና።

ዘሩስ? ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ የውጭ ምንዛሪ ሲያስገኝ የኖረ ሰብል ነው፤ ትልቁ ገዥ ቻይና ስትሆን የእኛን ሰሊጥ ያለ ቀረጥ ትቀበላለች። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም ከተከፈተ ወዲህ ሰሊጡ የሚሄድበት መስመር ግልጽ ሆኗል፤ መስመሩ የሚያመራው ግን ወደ ወደብ ነው። ዶላር ብርቅ በነበረበት ዘመን ላኪዎች ሰሊጥን ከዓለም ዋጋ በላይ ገዝተው በኪሳራ ይልኩ ነበር፤ ኪሳራውን የሚያካክሱት ባገኙት ዶላር ሌላ ሸቀጥ አስመጥተው በመሸጥ ነው። ዘይት ጨምቆ የሚሸጥ ሰው ከእንዲህ ያለ ገዥ ጋር በዘር ዋጋ መወዳደር አይችልም። በታሪፍ መጽሐፉ የማይገኝ ቀረጥ ማለት ይህ ነው፤ ከፋዩ መጭመቂያው ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። የቀረጥ መቶኛው አልተለወጠም፤ የሚሰላበት ዋጋ በብር ስለሆነ ግን በአንድ ኩሽኔታ ላይ የሚከፈለው ቀረጥ እጥፍ ወደመሆን ሄደ። በሌላ በኩል የውጭው ዘይትም ተወደደ፤ ይህ ለኑግ ዘይት ትንፋሽ መሆን ነበረበት። የውጭው ዘይት ግን ድጎማ ከተደረገላቸው ሸቀጦች አንዱ ስለነበረ ትንፋሹ አጠረ። የላኪው ዶላርም ብዙ ብር ስለሚያመጣ የዘሩ ዋጋ አብሮ ወጣ።

አሶሳን ከሌላው የሚለየው ርቀቷ ነው። ከአዲስ አበባ 670 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከጅቡቲ ወደብ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የፓልም ዘይቱ ጄሪካን በነቀምት፣ በጊምቢና በመንዲ በኩል ባምባሲን አልፎ እስኪደርስ የሚከፈለው የጭነት ዋጋ ለአካባቢው አምራች ማንም ያላወጀው ጥበቃ ነው። ጠርሙሱና መለዋወጫውም ግን በዚያው መንገድ ነው የሚመጡት። በቅርብ ዓመታት በጸጥታ ችግር መንገዱ ሲዘጋ፣ ዘሩ ጎተራ ሞልቶ ማሽኑ በአንዲት ቺንጋ ሊቆም የሚችለው ለዚህ ነው። በሰሜን ምዕራብ በኩል የኩርሙክ ድንበር ቅርብ ነው፤ ከሱዳን ጋር የኖረው ንግድ ግን በ2015 ዓ.ም እዚያ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የሚታመንበት አልሆነም።

ትንሹ መጭመቂያ ከአገር ውስጥም ትልቅ ተፎካካሪ አለው። በ2013 ዓ.ም በቡሬ የተመረቀው ፊቤላ የዘይት ፋብሪካ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም ይዞ ተነሣ፤ ሌሎች ትልልቅ ፋብሪካዎችም ተከተሉት። ለእንዲህ ያለ ፋብሪካ የአገሩ ኑግና ሰሊጥ ስለማይበቃ ድፍድፍ ፓልም አስመጥቶ ማጣራት አማራጭ ይሆናል። እዚህ ላይ በ1511.10 እና በ1511.90 መካከል ያለው ልዩነት ወሳኝ ነው። ሕንድ ይህን በግልጽ ትሠራበታለች፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 በድፍድፍ ዘይት ላይ የሚከፈለውን ጠቅላላ ቀረጥ ወደ 27.5፣ በተጣራው ላይ ወደ 35.75 በመቶ አሳደገች። በግንቦት 2025 የድፍድፉን ወደ 16.5 አውርዳ የተጣራውን ባለበት ተወችው፤ ልዩነቱ 19.25 ነጥብ ሆነ። ያ ውሳኔ የሕንድን አጣሪዎች ጠቀመ፤ ዘር የሚያመርተውን ገበሬና ዘር የሚጨምቀውን ትንሽ አምራች ግን ለርካሹ ድፍድፍ አጋለጠ። ማጣራትና መጭመቅ በቀረጥ ዓይን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንዱን ለመጥቀም የወጣ መጣኔ ሌላውን ሊዘጋ ይችላል።

አሁን ኢትዮጵያ በአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና መነገድ ጀምራለች፤ በ1995 ዓ.ም የጠየቀችውን የዓለም የንግድ ድርጅት አባልነትም ለመቋጨት እየተደራደረች ነው። በሁለቱም ጠረጴዛዎች የሚቀርበው ሰነድ ያው የቁጥር ዝርዝር ነው፤ የትኛው ዕቃ ቶሎ ቀረጡ ይነሣለት፣ የትኛው ይቆይ። 12.07፣ 15.11 እና 15.15 ተለያይተው ከተደራደሩ፣ 84.82 እና 39.23 ደግሞ ጨርሶ ከተረሱ፣ በአሶሳ ኑግ የሚጨምቀው ሰው ዛሬ ካለበት አይንቀሳቀስም። የክልሉ ንግድ ቢሮና የአምራቾች ማኅበራት እነዚህን አምስት ቁጥሮች በአንድ ገጽ ላይ አድርገው ለገንዘብ ሚኒስቴር ማቅረብ ይችላሉ፤ ድርድሩ ከመዘጋቱ በፊት።