መለያ ሰጪዎቹ፦ ያልተማከለ ማኅበራዊ ሚዲያን ማን ይጠብቃል?

ፌስቡክ ላይ ዛቻ የደረሰበት ሰው «ሪፖርት» የምትለውን ይጫንና ይጠብቃል። ጉዳዩን ማን እንዳየው፣ ያየው ሰው አማርኛ ያነብ እንደሆነ፣ ውሳኔው በምን ምክንያት እንደተሰጠ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ማስቶዶንና ብሉስካይን በመሳሰሉ ያልተማከሉ መድረኮች ግን ይህ ሥልጣን በብዙ እጅ ተከፋፍሏል። ተጠቃሚውን ከጥላቻ፣ ከወከባና ከአጭበርባሪ የሚከላከሉት መሣሪያዎች ብዙዎቹ የተሠሩት በራሳቸው በተጠቃሚዎቹ ነው። አሠራራቸውን ማወቅ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች በተለይ ይጠቅመናል፤ ምክንያቱን በኋላ እመለስበታለሁ።

ቀድሞ የመጣው ማስቶዶን ነው። ኦይገን ሮችኮ የተባለ ጀርመናዊ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2016 ለሕዝብ አቀረበው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ማስቶዶን አንድ ድረ ገጽ አይደለም፤ ግለሰቦች፣ ማኅበራትና የትምህርት ተቋማት በየፊናቸው የሚያስተዳድሯቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮች ስብስብ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ሳፋሪኮም ለሚጠቀም ወዳጁ እንደሚደውል ሁሉ፣ የአንዱ ሰርቨር ተጠቃሚም የሌላውን ይከተላል፣ መልስ ይጽፍለታል። የሚያገናኛቸው አክቲቪቲፐብ የተባለው ፕሮቶኮል ሲሆን፣ የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ዳብልዩ ስሪ ሲ በጃንዋሪ 2018 አጽድቆታል።

ጥበቃውም በየሰርቨሩ ነው። የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ከሌላ ሰርቨር ችግር ሲመጣበት ሦስት ዓይነት እርምጃ መውሰድ ይችላል፦ ከዚያ የሚመጣውን ጽሑፍ ከአደባባይ መደበቅ፣ ፎቶና ቪዲዮውን ብቻ አለመቀበል፣ ወይም ግንኙነቱን ጨርሶ መቁረጥ። የመጨረሻው ምን ያህል ጉልበት እንዳለው በ2019 ታይቷል። የነጭ የበላይነት አቀንቃኞች መሰብሰቢያ በመሆን የሚታወቀው የአሜሪካው ማኅበራዊ መድረክ ጋብ በዚያ ዓመት ወደ ማስቶዶን ሶፍትዌር ተዛወረ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ሮችኮ ራሱ ሊከለክለው አይችልም ነበር። ሆኖም የየሰርቨሩ አስተዳዳሪዎች አንድ በአንድ በራቸውን ዘጉበት፤ ጥቂት የስልክ መተግበሪያ ሠሪዎችም በመተግበሪያቸው በኩል ወደ ጋብ እንዳይገባ አደረጉ። ጋብ ሶፍትዌሩን ቢይዝም የሚያናግረው ጎረቤት አጣ። ይህን ያዘዘ ዋና መሥሪያ ቤት አልነበረም።

የዚህ አሠራር ቀዳዳም ከዚያው ከነፃነቱ ይመነጫል። በጁላይ 2023 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ታዋቂ የማስቶዶን ሰርቨሮችን ለሁለት ቀን ፈትሸው ከ325,000 ገደማ ፖስቶች መካከል አስቀድሞ በመርማሪዎች የሚታወቁ 112 የሕፃናት ወሲባዊ ጥቃት ምስሎች አገኙ። የመጀመሪያው የተገኘው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች እንዲህ ያለውን ምስል ፎቶዲኤንኤ በመሰለ መሣሪያ ወዲያው ይለዩታል፤ በትርፍ ሰዓቱ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ግን መሣሪያውም ውሉም የሕግ አማካሪውም የለውም። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ አጥፊዎች ባለቤቶቻቸው ረስተዋቸው ምዝገባቸው ክፍት የቀረ ትንንሽ ሰርቨሮች ላይ የሐሰት አካውንት በገፍ ከፍተው መረቡን በስፓም አጥለቀለቁት። የማስቶዶን ገንቢዎች በዚያው ወር ያወጡት ማሻሻያ ቀላልና ብልህ ነበር፦ አንድ ሰርቨር ላይ ለአንድ ሳምንት ያህል አስተዳዳሪ ዝር ካላለ፣ ክፍት ምዝገባው በራሱ ጊዜ ተዘግቶ «በፈቃድ ብቻ» ይሆናል። ጠባቂ የሌለው በር ራሱን እንዲቆልፍ ማድረግ ማለት ነው።

ብሉስካይ መንገዱን ቀየረው። ለሁሉም ሰው ክፍት የሆነው በፌብሩዋሪ 2024 ሲሆን፣ በማግሥቱ ወር ኦዞን የተባለውን የራሱን የቁጥጥር መሣሪያ ኮድ በነፃ ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ወይም ቡድን «መለያ ሰጪ» ሆኖ መሥራት ይችላል። ከሁሉ በላይ እኔን የማረከኝ ይህ ነው።

መለያ ሰጪው የማንንም ጽሑፍ አያጠፋም፤ ጽሑፉ ላይ መለያ የተባለ ምልክት ይለጥፍበታል። ምልክቷ ትንሽ መዝገብ ናት፦ ማን እንደሰጣት፣ ለየትኛው ፖስት ወይም አካውንት እንደተሰጠች፣ ምን እንደምትል፣ መቼ እንደተጻፈች ትይዛለች። የሰጪው ዲጂታል ፊርማ ስላለባት ሌላ ሰው በስሙ አስመስሎ ሊሠራት አይችልም። መለያ ሰጪው እንደተሳሳተ ካወቀም ያንኑ መለያ የሚሽር ሌላ መዝገብ ያወጣል። አንባቢው እስከ 20 ለሚደርሱ መለያ ሰጪዎች ደንበኛ መሆን ይችላል፤ ለእያንዳንዱ የመለያ ዓይነትም «ደብቅልኝ»፣ «አስጠንቅቀኝ» ወይም «ተወው» ብሎ ይመርጣል። ስለዚህ ያው አንድ ጽሑፍ ለአንዷ አንባቢ ጨርሶ አይታይም፣ ለሌላው በማስጠንቀቂያ ተሸፍኖ ይመጣል፣ ለሦስተኛው እንዳለ ይቀርባል። የኩባንያው የራሱ መለያ ሰጪ ግን በዋናው መተግበሪያ ላይ አይጠፋም፤ ሕገ ወጥ ነገር የሚታገደው በእሱ በኩል ነው።

በዚህ መሠረት ላይ ሰዎች ያሻቸውን ገንብተዋል። ኤክስብሎክ የሚባለው ለምሳሌ ከኤክስ (ከቀድሞው ትዊተር) እና ከሌሎች መድረኮች የተነሡ ስክሪንሹቶችን እየለየ መለያ ይሰጣል፤ ከሸሹት መድረክ ጭቅጭቁ ተከትሏቸው እንዲመጣ ለማይፈልጉ ሰዎች ትልቅ እረፍት ነው። ክብደት ያለው ምሳሌ ግን ብላክስካይ ነው። ሩዲ ፍሬዘር የተባለው አሜሪካዊ ገንቢ በ2023 የጀመረው ጥቁር ተጠቃሚዎች የሚገናኙበት የጽሑፎች ሰልፍ (ፊድ) አድርጎ ነበር። በዚያው ዓመት ብሉስካይ ላይ ዘረኛ ስድብ የያዘ የተጠቃሚ ስም ማስመዝገብ እንደሚቻል ታወቀና ቁጣ ተነሣ። ብላክስካይ በአባላቱ መዋጮ እየታገዘ የራሱን ሞደሬተሮች አቆመ፤ ጥቁሮች ላይ ለሚደርስ ወከባ፣ በተለይም ጥቁር ሴቶች ላይ ለሚወረወር ጥላቻ፣ ለየብቻቸው መለያ አወጣ። በኋላም አካውንት የሚያስቀምጥ የራሱን ሰርቨር ሠራ። ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል፤ ስድቡን ስድብ ነው ብሎ ለመለየት ስድቡ የሚወረወርበት ማኅበረሰብ ማንንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

ወደ እኛ ልመለስ። በኖቬምበር 2021 የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ በዲሴምበር 2022 ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው፣ ከግድያው በፊት የአባቱን ማንነት የሚያጋልጡና ጥቃት የሚቀሰቅሱ ጽሑፎች ፌስቡክ ላይ ወጥተው ነበር፤ እሱም ሪፖርት ቢያደርግ በጊዜው ሰሚ አላገኘም። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። ፍርዱ ምንም ይሁን ምን፣ ክሱ ያነሣው ጥያቄ አይቀሬ ነው፦ በእኛ ቋንቋ የተጻፈን ዛቻ አንብቦ የሚረዳ በቂ ሰው የት አለ?

የአማርኛን ነገር ደግሞ በማሽን ብቻ መወጣት አይቻልም። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ማስቶዶን ላይ አጣርቼ ላስቀር ብል፣ ሰው «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ»፣ «ጸሃይ» እያለ ስለሚጽፈው እያንዳንዱን አጻጻፍ ለየብቻ ማስገባት አለብኝ። ማጣሪያውን «ሙሉ ቃል ብቻ» በሚለው ካኖርኩት «የፀሐይ»፣ «ለፀሐይ»፣ «ፀሐይዋ» ሁሉ ያመልጡኛል። ያንን ምርጫ ባነሣው ደግሞ አጫጭር ቃላት ላይ ምንም ጥፋት የሌለበት ጽሑፍ አብሮ ይታፈሳል። ይህ እንግዲህ ፊት ለፊት በተጻፈ ቃል ነው፤ በሰምና ወርቅ ተጠቅልሎ የሚመጣውን ስድብ የሚለየው ቋንቋውን የኖረበት ሰው ብቻ ነው። የብሉስካይ አሠራር እዚህ ላይ አንድ በር ይከፍታል። መለያ ሰጪው የእያንዳንዱን መለያ ስምና ማብራሪያ በፈለገው ቋንቋ መጻፍ ስለሚችል፣ ማስጠንቀቂያው በአማርኛ ሊቀርብ ይችላል። የማንንም ኩባንያ ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም።

ይህን ስል ሥራው ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። የአንድ ቡድን የእገዳ ዝርዝር ውስጥ በስሕተት የገባ ሰው፣ ዝርዝሩን በሚጠቀሙ ሁሉ ዘንድ ምክንያቱን ሳያውቅ ይዘጋበታል፤ በእኛ የብሔርና የፖለቲካ ቁርሾ መካከል ይህ መሣሪያ ለበቀልም ሊውል ይችላል። ብሉስካይ ላይ ማን ማንን እንዳገደ በይፋ የሚታይ መሆኑም ለተሳዳጅ ሰው አደጋ አለው። ከሁሉ የባሰው ግን ድካሙ ነው። ለማስቶዶንና መሰሎቹ ሞደሬተሮች ድጋፍ ይሰጥ የነበረው ኢፍታስ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት፣ የሕፃናት ጥቃት ምስሎችን የሚለይ አገልግሎት ለትንንሽ ሰርቨሮች መስጠት ጀምሮ ነበር። ስታንፎርድ ያሳየውን ቀዳዳ ለመድፈን የተደረገ ጥሩ ሙከራ ነበር፤ በ2025 ገንዘብ አጥሮት አገልግሎቱን ለመዝጋት ተገደደ። አስጸያፊውን ነገር ሌላው እንዳያየው ብለው ራሳቸው የሚያዩት ሰዎች ያለ ደመወዝና ያለ እረፍት ብዙ አይዘልቁም።

በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭም ሆነ በዱባይ ያላችሁ አማርኛ የምታነቡ ፕሮግራመሮች፣ የቋንቋ ባለሙያዎችና ጋዜጠኞች፦ የኦዞን ኮድ ክፍት ነው፣ ጀምሩት። ስትጀምሩ ግን መስፈርታችሁን አስቀድማችሁ በግልጽ ጻፉ፤ መለያ የተለጠፈበት ሰው አቤት የሚልበትን መንገድ አብጁ፤ ከተለያየ ወገን የመጡ ሰዎችን በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጡ። ኮድ የማንጽፈው ሌሎቻችን ደግሞ መዋጮውን እንክፈል።