ከሰፈፍ ሻማ፣ ከሞራ ሳሙና

በበዓል ሰሞን ባዛሮች ላይ በእጅ የተሠራ ሻማና ሳሙና ጎን ለጎን የተደረደረበት ጠረጴዛ ማየት እየተለመደ መጥቷል። ብዙ ሰው ሁለቱን ያገናኛቸው መዓዛቸውና የማሸጊያቸው ማማር ይመስለዋል። ዝምድናቸው ግን ከዚያ የጠለቀ ነው። ሻማ ሠሪና ሳሙና ሠሪ ከጥንትም ለአንድ ዕቃ፣ ለስብ፣ የሚሻሙ ባለሙያዎች ነበሩ። በአሜሪካ የሲንሲናቲ ከተማ ሻማ ሠሪው ዊልያም ፕሮክተርና ሳሙና ሠሪው ጄምስ ጋምብል እኅትማማቾችን አግብተው ስለነበር፣ በአማታቸው ምክር በ1837 እ.ኤ.አ. ሽሚያውን ትተው በሽርክና ሥራ ጀመሩ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ግዙፉ ኩባንያ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ከዚያ ሽርክና የወጣ ነው።

የሁለቱን ዝምድና በሳይንስ ያረጋገጠው ደግሞ ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኢዩጂን ሼቭረል ነው። ምርምሩን የጀመረው ሳሙና ምን እንደሆነ በመጠየቅ ነበር። ስብ ማለት የስብ አሲዶችና ግሊሰሪን ተጣምረው የሚሠሩት ውሕድ መሆኑን በ1823 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ አስረዳ። ከሁለት ዓመት በኋላም ከባልደረባው ከጌ-ሉሳክ ጋር ሆኖ፣ ከስብ ተለይቶ ከወጣው አሲድ ሻማ የመሥራት መብት አስመዘገበ። እስከዚያ ድረስ የአውሮፓ ድኻ የሚያበራው የሞራ ሻማ የሚጨስና የሚከረፋ ነበር። አዲሱ ሻማ ጠንካራ፣ ነጭና ሽታ የሌለው ሆነ።

ሁለቱን ሥራ ማጣመር ለዛሬው ትንሽ ቤት የሚጠቅመው ግን ከሁሉ በላይ በገንዘብ ነው። ዛሬ የፈሰሰ ሻማ ነገ ይሸጣል። ዛሬ የፈሰሰ ሳሙና ግን ከወር በላይ መደርደሪያ ላይ መክረም አለበት፤ ያ ሁሉ ጊዜ ለዘይትና ለሞራ የወጣው ብር ታስሮ ይቆያል። ሳሙና ብቻ ልሠራ ብለው የሚነሡ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት በዚህች ወር ውስጥ ነው። ሻማው ቤቱን እየቀለበ ሳሙናው ይደርቃል፤ የሥራው ዘዴ ይኸው ነው።

ለሻማው የሚሆነው ትልቁ ሀብታችን ከጠጅ ቤት ይወጣል። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ከማሩም ብዙው ከነሰሙ ለጠጅ ይውላል። ጠጁ ሲብላላ ሰሙ ወደ ላይ ይወጣና ይገፈፋል፤ ይህ ሰፈፍ ነው። ጠቆር ያለ፣ የንብ ክንፍና ግርድ የተቀላቀለበት፣ ጠጅ ጠጅ የሚሸት ጓል ነውና ለማያውቀው ሰው የሚጣል ይመስላል። ባለሙያው ግን ሰፈፉን በጠንካራ ጨርቅ ይቋጥርና ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ ከትቶ ድንጋይ ይጭንበታል። ውኃው ሲሞቅ ሰሙ በጨርቁ ቀዳዳ እየሾለከ ይንሳፈፋል፤ ግርዱ ከቋጠሮው ውስጥ ይቀራል። ሲያድር ሰሙ ከውኃው በላይ ረግቶ ይገኛል፤ ከሥሩ የተጣበቀው ቡናማ ዝቃጭ በቢላዋ ይፋቃል። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ያ ጥቁር ጓል ቢጫ ሆኖ የማር ሽታው ይመለሳል። የብረት ወይም የመዳብ ድስት ግን ሰሙን ያበላሸዋል፤ ቀለሙን ይለውጠዋል። ስቴንለስ ወይም አሉሚኒየም ይሻላል።

ንጹሕ የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ነው። ከገበያ የተገዛ ሰም ከዚህ በጣም ቀድሞ ከቀለጠ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል። በእጅ ሲታሽ ቅባት ቅባት ካለ ሞራ መጠርጠር ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትር ለዚህ ቤት ከሚዛን ቀጥሎ የሚገዛ ዕቃ ነው። ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ ሌላ ዕቃ ተቀምጦ በዚያ ይቀልጣል። በዚህ ረገድ የአዲስ አበባ ከፍታ ለሠራተኛው ይረዳዋል። ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ፣ ውኃው እስካላለቀ ድረስ ሰሙ ከዚያ በላይ ሊግል አይችልም። እሳት ከያዘው ግን ውኃ መድፋት እሳቱን በቤቱ ሁሉ መርጨት ነው፤ ክዳን መድፈን ብቻ ነው መፍትሔው። ክዳኑ ከሥራው ቦታ እጅ በሚደርስበት መኖር አለበት።

ከሻማ ዓይነቶች ሁሉ ለእኛ የቀረበው ጧፍ ነው። የጥጥ ፈትል በቀለጠ ሰም ውስጥ ደጋግሞ ያልፋል፤ በየመሃሉ ይቀዘቅዛል፤ የሚፈለገው ውፍረት ላይ ሲደርስ ሳይደርቅ በለስላሳ ሰሌዳ ላይ እየታሸ ቀጥ ይላል። ፎርማ አይፈልግም፣ ማሽን አይፈልግም፤ እጅ ብቻ ይፈልጋል። በዚህ ላይ አቋሜን በግልጽ ልናገር። ፓራፊን ከነዳጅ የሚወጣ ርካሽ ሰም ነው፤ መብራት ሲጠፋ ለሚበራ ሻማ ምንም አይወጣለትም። ፓራፊን ቀላቅሎ ግን "ንጹሕ ጧፍ ነው" እያሉ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መሸጥ ነውር ነው። ስለት ይዛ የመጣች እናት ለእግዚአብሔር ቤት የገዛችው ጧፍ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ አለባት።

በብርጭቆ የሚፈሰው ሻማ ሌላ ችግር አለው፤ ችግሩም ክሩ ነው። በሻማ ላይ የሚነደው ክሩ ይመስላል እንጂ፣ የሚነደው በክሩ ወደ ላይ ተስቦ ወደ እንፋሎት የተለወጠው ሰም ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ በ1860 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለወጣቶች በሰጠው ዝነኛ ትምህርት ይህን በቀላሉ አሳይቷል፤ ሻማውን አጥፍቶ፣ ገና በሚወጣው ጭስ ላይ ክብሪት ሲያስጠጋ እሳቱ በጭሱ ወርዶ ክሩን መልሶ ይለኩሰዋል። ማንም ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። ስለዚህ ክሩ ከወፈረ የሰሙ አቅርቦት በዝቶ ነበልባሉ ይረዝማል፣ ብርጭቆው በጥላሸት ይጠቁራል። ከቀጠነ ደግሞ ሻማው መሃሉን ብቻ እየቆፈረ ይወርድና ዳር ዳሩን ያለው ሰም ሳይነድ ይቀራል። የንብ ሰም ከፓራፊን ይልቅ ወፈር ያለ ክር ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ የብርጭቆ ስፋት ሦስት አራት ዓይነት ክር አብርቶ፣ እስከ መጨረሻው ተከታትሎ መመዝገብ የግድ ነው፤ ይህን ሳያደርጉ ለደንበኛ መሸጥ በሰው ቤት ላይ ሙከራ ማድረግ ነው።

ወደ ሳሙናው ስንመጣ ሥራው ከወጥ ቤት ወደ ቤተ ሙከራ ይጠጋል። ሳሙና የሚገኘው ስብ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲዋሐድ ነው፤ ከውሕደቱ ሳሙናና ግሊሰሪን ይወጣሉ። ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ ግሊሰሪኑን ለይተው ለብቻው ይሸጡታል። በእጅ በተሠራው ውስጥ ግን እዚያው ይቀራል፤ ቆዳን የሚያለሰልሰውም በአንድ በኩል እሱ ነው።

ችግሩ ሁሉም ስብ እኩል ሶዳ አለመፈለጉ ነው። አንድ ኪሎ የኮኮናት ዘይት 183 ግራም ሶዳ ሲፈልግ፣ አንድ ኪሎ የከብት ሞራ 140፣ የሰሊጥ ዘይት 133፣ የጉሎ ዘይት 128 ግራም ገደማ ይበቃቸዋል። እንግዲህ 450 ግራም የቀለጠና የተጣራ ሞራ፣ 300 ግራም የኮኮናት፣ 200 ግራም የሰሊጥና 50 ግራም የጉሎ ዘይት ብንወስድ፣ ሁሉንም ወደ ሳሙና ለመለወጥ 151 ግራም ያህል ሶዳ ያስፈልጋል። ባለሙያ ግን ከዚህ ላይ አምስት በመቶ ቀንሶ 143 ግራም ያደርገዋል። በዚህ ምክንያት ጥቂት ዘይት ሳይለወጥ ይቀርና ሳሙናው ቆዳን አይቆጠቁጥም። ሞራው ጥንካሬ፣ ኮኮናቱ አረፋ፣ ሰሊጡ ልስላሴ ይሰጣል፤ ጉሎው አረፋውን ያቆየዋል። ኑግ እጃችን ላይ ያለ ዘይት ቢሆንም ሳሙናውን ያለሰልሰዋል፣ ቶሎም ይከረፋል፤ በጥቂቱ ካልሆነ አይመከርም። በጋምቤላ የሚበቅለው የሺአ ዛፍ ቅቤ ግን ለዚህ ሥራ እጅግ ተስማሚ ነው።

ሶዳ የሚለካው በማንኪያ ወይም በኩባያ ሳይሆን በግራም ሚዛን ነው። ሶዳው ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው በሶዳው ላይ አይፈስም፤ ከተገለበጠ በኃይል ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። በእጥፉ ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ራሱ ወደ 80ና 90 ዲግሪ ይግላል። ጓንትና የዓይን መነጽር የግድ ነው፤ ልጆች ከቤት መውጣት አለባቸው። ለሰሙ የተመቸው የአሉሚኒየም ድስት እዚህ ጠላት ይሆናል፤ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፣ የሚነድ ጋዝም ያወጣል። የሳሙና ዕቃ ስቴንለስ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ለምግብም አይመለስም።

ዘይቱና የሶዳው ውኃ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ይደባለቃሉ፤ ይማሰላሉ። እንደ አጥሚት ወፈር ብሎ፣ ከማንኪያው የሚንጠባጠበው መስመር ላዩ ላይ ሳይጠፋ ሲቆይ ጊዜው ደርሷል። መዓዛ የሚጨመረው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወረቀት በተነጠፈበት የእንጨት ፎርማ ውስጥ ይፈሳል፣ በጋቢ ይሸፈናል፤ በማግስቱ ይቆረጣል፤ ከዚያም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ነፋስ በሚያገኘው መደርደሪያ ላይ ይከርማል። ከላይ ካልነው አንድ ዙር 12 ያህል ሳሙና ይወጣል። ሲቆረጥ 120 ግራም ገደማ የነበረው ሲደርቅ ወደ 100 ይወርዳል። ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው የደረቀው ክብደት ነው፤ የእርጥቡን መጻፍ ገዢን ማታለል ነው።

ለመታጠቢያ የሚሆኑት ሌሎች ነገሮች ቀለል ይላሉ። ውኃ ውስጥ ሲጣል የሚፈላው የገንዳ ኳስ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊቷ ሞ ኮንስታንቲን የፈጠረችው፣ ሁለት እጅ ቤኪንግ ሶዳና አንድ እጅ ሲትሪክ አሲድ ነው። እኛ ጋ ገንዳ ያለው ቤት ጥቂት ስለሆነ ገዢው ሆቴል ነው። ለቤት የሚሆነው የእግር መዘፍዘፊያ ጨው ነው፤ የአፍዴራ ጨው ከጦስኝ ወይም ከዕጣን ዘይት ጋር።

በዚህ አጋጣሚ ስለ እንዶድ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ጀማሪ "የአያቶቻችን ሳሙና" ብሎ ለፊት ሳሙና ሊጨምረው ይፈልጋል። እንዶድ ኃይለኛ ተክል ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ይህ ምርምር በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኘለት። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ዓይን አጠገብ አይውልም፤ እንዶድ ለልብስ ይቆይ።

ሕጉንም መዘንጋት አይገባም። ከንግድ ፈቃዱ ሌላ፣ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የውበት መጠበቂያ ምርቶችን የሚቆጣጠረው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። "ማድያት ያጠፋል"፣ "ኤክዜማ ይፈውሳል" ብሎ መጻፍ ሳሙናውን ወደ መድኃኒት ክርክር ይከተዋል። ውጭ ሀገር የሚሠሩ ወገኖችም ጉዳዩ ይመለከታቸዋል። አሜሪካ ውስጥ ከስብና ከሶዳ የተሠራ፣ ሳሙና ተብሎ ብቻ የሚሸጥ ምርት ከኮስሜቲክስ ሕግ ውጭ ነው፤ "ቆዳ ያረጥባል" የተባለበት ዕለት ግን እዚያ ይገባል። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ማንኛውም ሳሙና ከመሸጡ በፊት በባለሙያ የተፈረመ የደኅንነት ምዘና ሊኖረው ይገባል።

እኛ ሀገር ከሕጉም በላይ ገዢው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ "ሞራው የማን ነው?" ይላል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የመጠየቅ መብት አለው። መልሱ ማሸጊያው ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ከሱ ጎንም ከዘይት ብቻ የተሠራ ሳሙና ይኑር። በጾም ሞራ እጄን አይነካም ለሚሉትም የሚሆነው እሱ ነው።

የሥራው ዓመትም የሚቆጠረው በበዓላቱ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሳሙናው ማድረቂያ ጊዜ በውስጡ በሚገባ ያልቃል። የቅበላ ሰሞን እርድ ስለሚበዛ ሞራው ያን ጊዜ ተገዝቶ፣ ቀልጦና ተጣርቶ ይቀመጣል፤ ሥጋ ቤቶች ከተዘጉ በኋላ አይገኝም። በጾሙ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሳሙናው በሙሉ ይፈሳል። ከዚያ በኋላ ድስቱ የሰም ነው፤ ለሰሙነ ሕማማትና ለትንሣኤ ሌሊት የሚሆነው ጧፍ ይሠራል፣ ይሸጣል፤ ከሱ የተገኘው ብር ለማሸጊያና ለባዛር ኪራይ ይውላል። በበዓሉ ዋዜማ ሳሙናው ደርቆ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። የፋሲካ ማግስት ሞራ እንደገና በሽ በሽ ይሆናል፤ ለሰኔ የሚሸጠው ሳሙና የሚፈሰው በዚያው ሳምንት ነው።