«ያለፈው ወር ገቢሽ ስንት ነው?»

የጥር ውርጭ ከደብረ ብርሃን ሜዳ ገና ሳይነሣ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ምጣዷን የምትጥድ እናት አለች። ለሠርግ ቤት የታዘዘችውን እንጀራ ማድረስ አለባት። ከዚያ የፋብሪካ ሠራተኞችን ልብስ ታጥባለች፤ ማታ ጥጥ ትፈትላለች። ይህች እናት ሥራ ፈት አይደለችም። ይሁን እንጂ «የወር ገቢሽ ስንት ነው?» ተብላ ስትጠየቅ መልሱ ይቸግራታል።

ቢቸግራትም አያስገርምም። የወር ደመወዝተኛ ገቢውን በአንድ ቁጥር ይናገራል። የእርሷ ገቢ ግን እንደ ወቅቱ ነው። በጥር ሠርግ ይበዛል፤ ጾሙ ሲገባ ሠርግ ይቆማል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ የታጠበው ልብስ አይደርቅላትም።

ለምሳሌ ያህል ከአንኮበር መጥታ በደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታ የምትኖር የሦስት ልጆች እናት እንውሰድ። በጥር 3 ሺህ፣ በየካቲት 1 ሺህ፣ በመጋቢት 800 ብር አገኘች እንበል። አማካዩ በወር 1 ሺህ 600 ብር ነው። መጠይቁ በየካቲት መጀመሪያ ቢደርስና ስላለፈው ወር ብቻ ቢጠይቅ ግን ደኅና ገቢ ያላት ትመስላለች። የቤት ኪራዩ የሚከፈለው በሠርጉ ወር ብቻ አይደለም።

ጉዳዩ ለምን ያሳስባል? በአገራችን በገጠር በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. ወደ ከተማ መጥቷል። የመጀመሪያው ምዕራፍ አዲስ አበባንና ደሴን ጨምሮ 11 ከተሞችን የያዘ ሲሆን፣ 604 ሺህ ሰዎችን ለመርዳት ታቅዶ ነበር። ሁለተኛው ምዕራፍ ወደ ሌሎች በርካታ ከተሞች ሰፍቷል። መሥራት የሚችሉ በአካባቢ ጽዳትና በአረንጓዴ ልማት ተሰማርተው ይከፈላቸዋል፤ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። ሠራተኞቹ ከሚያገኙት 20 በመቶውን ይቆጥባሉ።

የዕለት ገቢን በወረቀት ማረጋገጥ ስለማይቻል፣ ምርጫው በሁለት መንገድ ይካሄዳል። መጀመሪያ ነዋሪውን የሚያውቅ የሠፈር ኮሚቴ ይመርጣል። ቀጥሎም የቤተሰቡ ብዛት፣ የቤቱ ሁኔታና የቤት ዕቃው በመጠይቅ ታይቶ ኑሮው ይገመታል። ዘዴው ጥቅም አለው፤ አንድ ጥሩ ወር ብቻውን እናቲቱን አይጥላትም። ጉድለትም አለው፤ በደኅና ዘመን የተገዛው ቁም ሣጥን ይታያል፣ ባዶው ሌማት ግን አይታይም።

ከዚህም የተነሣ አንዳንድ እናቶች የሚያገኙትን ጥቂት ሳንቲም መሸሸግ ይመርጣሉ። ሌሎች ደግሞ «ድጋፉ ይቀርብኛል» በማለት የታዘዘላቸውን ሥራ ይመልሳሉ። ይህ ራስን መጉዳት ነው። የፕሮግራሙ ዓላማ ቤተሰቡን ለጊዜው ደግፎ ከዚያ በራሱ እንዲቆም ማድረግ ነው። ሕዝባዊ ሥራው ሁሉንም ቀን ስለማይወስድ፣ የተረፈው ቀን ለግል ሥራ ይውላል። ዛሬ ደንበኛዋን ያባረረች እናት ድጋፉ ያበቃ ዕለት ምን ይዛ ትቆማለች?

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ዩኒቨርሳል ክሬዲት የተሰኘው የመንግሥት ድጎማ ገቢን በየወሩ ይቆጥራል። በግሏ ሠርታ የምታድር ሴት ያገኘችውንና ያወጣችውን በየወሩ ታስታውቃለች፤ ደኅና ባገኘችበት ወር ድጎማው ይቀንሳል። በሥራው አንድ ዓመት ከቆየች በኋላ ደግሞ በከፋው ወር እንኳ የተወሰነ ገቢ እንዳገኘች ሊቆጠርባት ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በደብረ ብርሃንም ሆነ በሌላ ከተማ የምትኖር እናት አንዲት ትንሽ ደብተር ትያዝ። መጻፍ ባትችል ተማሪ ልጇ ይጽፍላት። በየዕለቱ የገባው በአንድ በኩል፣ ለጤፍ፣ ለሳሙናና ለከሰል የወጣው በሌላ በኩል ይመዝገብ። እንጀራ ሸጣ 500 ብር ብትቀበል፣ 500 ብር አተረፈች ማለት አይደለም። ስትጠየቅም የአንዱን ወር ብቻ ሳይሆን የጥሩውንና የክፉውን ወር አብራ ትናገር። የቤት ዕቃው መቼና እንዴት እንደተገኘ ታስረዳ።

ነፍሰ ጡር የሆነች ሠራተኛም ሳትፈራ ታስታውቅ፤ ከጉልበት ሥራ ወጥታ ለጊዜው ወደ ቀጥታ ድጋፍ የምትዛወርበት አሠራር አለ። ተበድያለሁ የምትል ደግሞ ቅሬታዋን ለቅሬታ ሰሚው ታቅርብ። በቡና ላይ ለጎረቤት ብቻ ማማረር ውሳኔ አያስለውጥም።

ጠያቂዎችም ቢሆኑ «ያለፈው ወር ገቢሽ ስንት ነው?» ብለው ባያበቁ መልካም ነው። «ክረምቱንስ በምን ታሳልፊያለሽ?» ብለው ይጨምሩ። እናቶችም እውነቱን ይንገሩ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ችግሯን በደብተር ይዛ የቀረበች እናት ግን የምታስረዳበት ማስረጃ በእጇ አለ።